ጉዞው የሚለካው በመጨረሻው ሰው ነው



በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትምህርትና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ከክፍል ወጣ ብለን ስለ አንድ ቀን የተራራ ጉዞ እንነጋገራለን። ክረምቱ አልፎ መስኩ አበባ ሲለብስ በየቤቱ «ልጆቹን ወዴት እናውጣቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አባት በሥራ፣ እናት በቤት ጣጣ፣ ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ ተይዘው የከረሙበት ቤተሰብ አንድ ቀን አብሮ ቢራመድ የሚያገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። መንገድ ሰውን ያስተዋውቃል ይባላል። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሰዎች እንኳ በመንገድ ላይ እንደገና ይተዋወቃሉ።

አዲስ አበባ ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ዙሪያዋን ከበዋታል። ከእነዚህ ሁሉ ለጀማሪ ቤተሰብ የሚቀርበው እንጦጦ ነው። በታክሲ ሽሮሜዳ ደርሶ ከዚያ በእግር መቀጠል ይቻላል። ይሁን እንጂ ቅርብ መሆኑ ብዙዎቻችንን ያታልለናል። «እንጦጦ እኮ እዚሁ ነው» ብለን ያለ አንዳች ዝግጅት እንወጣለን። እኛም አንድ ጊዜ እንዲሁ ታልለን ነበርና ምክሩን ከመስጠታችን በፊት ጥፋታችንን እንናገር።

በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የሆነው

ጊዜው መጋቢት 2009 ዓ.ም. ነበር። አራት መምህራንና ሦስት ወላጆች 24 ተማሪዎችን ይዘን በአንድ እሁድ ወደ እንጦጦ ለመውጣት ተነሳን። በአጠቃላይ 31 ሰዎች ነን። የመነሻ ሰዓታችን ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ነበር። አንዱ ዳቦ እየተጋገረለት ቆየ፤ ሌላው ታክሲ አጣ፤ ሌላው እንቅልፍ ጣለው። ሁሉም ተሟልቶ ከሽሮሜዳ ስንነሳ 3 ሰዓት ከ10 ሆኗል። ዘግይተናልና መመለሻችንን እናስተካክል ያለ ግን ማንም አልነበረም። ሰዓቱ ተለወጠ፤ አሳባችን አልተለወጠም።

ወጣቶቹ ከፊት ሆነው ገሰገሱ። የሚደክሙት ከኋላ ቀሩ። ከፊት ያሉት አረፍ ብለው ይጠብቃሉ፤ የኋላዎቹ ገና ከመድረሳቸው «በሉ እንሂድ» ብለው ይነሳሉ። ስለዚህ ዕረፍት ያገኘው ብርቱው ሲሆን ደካማው ያለ ዕረፍት ተጓዘ። ዛሬ ስናስበው ይህ ብቻውን በቂ ጥፋት ነበር። ሸንተረሩ ላይ የደረስነው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዙህርን ሰገድን፣ ምሳ በላን፣ ልጆቹ ኳስ ጀመሩ። ሰማዩ መጥቆሩን ያየን ነበርን፤ «ትንሽ ይጫወቱ» አልን።

8 ሰዓት ተኩል ላይ በረዶ ወረደ። በልግን የሚያውቅ ሰው የእንጦጦን በረዶ ያውቀዋል። መብረቁ በራስ ላይ ሲጮህ ሕፃን አዋቂው ሁሉ ቁልቁል ሮጠ። ከታች አስፋልቱ ዳር ተሰብስበን ስንቆጥር 10 ሰዓት ሆኗል። ቆጠራው 30 ነበር። እንደገና ቆጠርን። 30።

የጎደለው የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው፤ በክፍል ውስጥም ካልተጠየቀ አይናገርም። መጨረሻ ላይ ማን አየው? ብለን ስንጠይቅ አንዱ «ምሳ ስንበላ ነበር» አለ፤ ሌላው «ስንወርድ ከኋላዬ ይመስለኛል» አለ። ሁላችንም ከእኛ ኋላ ሌላ ሰው ያለ መስሎን ነበር። ያ ሌላ ሰው ግን አልነበረም።

ሁለታችን ወደ ላይ ተመለስን። ባሕር ዛፉ መሐል እየተጣራን ሃምሳ ደቂቃ ያህል ሄድን። ያቺን ሃምሳ ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፍናት ወላጅ የሆነ ሁሉ ይገምታል። በመጨረሻ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ልጁን እጁን ይዘው ሲወርዱ አየን። የላስቲክ ጫማው ተቀዶ እግሩ ደምቷል። ነጠላቸውን አከናንበውታል። የጀርባቸው እንጨት ግን የለም፤ ከአንድ ዛፍ ሥር ትተውት ነው የመጡት።

«እናንተ ናችሁ አስተማሪዎቹ?» አሉን።

«አዎ እማማ።»

«ስትወጡ አልቆጠራችኋቸውም?»

«ቆጥረናል።»

«ስትወርዱስ?»

መልስ አልነበረንም። እኛ በየቀኑ ጧት የክፍሉን በር ዘግተን፣ መዝገብ ገልጠን፣ ስም እየጠራን «አቤት» የምናሰኝ ሰዎች ነን። አራት ግድግዳ ባለበት ክፍል የምንቆጥረውን ልጅ ግድግዳ በሌለው ተራራ ላይ ሳንቆጥረው ቀረን። ሸክማቸውን ልናወርድላቸው ብንለምናቸው «መሽቷል፤ እናንተ ልጁን ለእናቱ አድርሱ» ብለው ወደ እንጨታቸው ተመለሱ። የዚያን ቀን ገበያቸው በእኛ ምክንያት እንደቀረ የገባን በኋላ ነው።

ልጁን ቤቱ ያደረስነው ከመግሪብ በኋላ ነበር። እናቱ አልተቆጡንም። ጎንበስ ብለው እርጥብ ካልሲውን ከቁስሉ ላይ ቀስ እያሉ ሲያወልቁ በሩ ላይ ቆመን አየን። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ከዚህ የከፋ ነገር አልደረሰበትም። እኛ ግን በዚያ ሳምንት አራት መምህራን ተቀምጠን የጉዞ እቅድ ማለት ምን እንደሆነ እንደ አዲስ መማር ጀመርን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያኔ የተማርነውንና ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የሞከርነውን ነው።

መጀመሪያ ሰውን፣ ከዚያ መንገድን

ብዙ ሰው «የት እንሂድ?» ብሎ ይጀምራል። መቅደም ያለበት ግን «ማን ይሄዳል?» የሚለው ነው። ከመካከላችን ደካማው ማን ነው? አስም ያለበት ልጅ አለ ወይ? ነፍሰ ጡር እህት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አባት አለ ወይ? የሚመረጠው መንገድ ለእነዚህ ሰዎች የሚሆነው ነው። በመድረሳ ሳለን ሁላችንም ተምረነዋል፤ ሰዎችን የሚያሰግድ ኢማም ከኋላው ደካማ፣ ሕመምተኛና አረጋዊ መኖሩን አስቦ ሰላቱን እንዲያቀል ታዟል። በሰላት ውስጥ ለደካማው እንዲህ ከታሰበለት ለመዝናናት በወጣንበት መንገድ ላይ እንዴት እንረሳዋለን?

ከፍታውንም ማወቅ ተገቢ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ላይ ትገኛለች። የእንጦጦ ሸንተረር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለከተማችን ነዋሪ ይህ ከማለክለክ ያለፈ ችግር አያመጣም። ነገር ግን ከጅዳ ወይም ከዱባይ በዕረፍት የመጣ ዘመድ፣ ከአሜሪካ የመጣ የአጎት ልጅ፣ ወይም ከአፋር ቆላ የወጣ እንግዳ በመጣ በማግስቱ ተራራ አይወሰድም። ሁለት ሦስት ቀን በከተማው ይክረም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከጀመረው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እሱም መውረድ ነው። «ትንሽ ነው የቀረን» እያሉ መገፋፋት ነውር ነው።

በጣም ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ በተሠሩት መንገዶች ቢጀምሩ ይመረጣል። ወደ ወጨጫ መሄድ የሚፈልጉ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ እንዳለው አውቀው እንጦጦን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለማመዱ በኋላ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። የመናገሻ ሱባ ጥንታዊ ደን በዚሁ ተራራ ላይ ይገኛል። ጥዱን፣ ዝግባውንና ኮሶውን፣ ጉሬዛውን ለልጆች ማሳየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሰዓቱን በወረቀት ላይ መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ አንድ ቀላል ስሌት አስቀመጠ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ስሌቱ የተሠራው ለብርቱ ተጓዥ ስለሆነ ልጆች ላሉበት ቡድን ውጤቱን በአንድ ተኩል ማባዛት ለእኛ ጥሩ ሆኖ አግኝተነዋል።

እስቲ በምሳሌ እንሥራው። ልጆችን በሒሳብ የሚያለማምዱ ወላጆችም አብረው ያሠሩአቸው። መውጫው 6 ኪሎ ሜትር፣ መመለሻው 6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 500 ሜትር ነው እንበል። ለ6 ኪሎ ሜትር 72 ደቂቃ፣ ለ500 ሜትር ሽቅብ 50 ደቂቃ፤ ሲደመር ሁለት ሰዓት ከ2 ደቂቃ። በአንድ ተኩል ስናበዛው ሦስት ሰዓት ያህል ይሆናል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ዕረፍት ሲጨመር ሦስት ሰዓት ተኩል። ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል የተነሳ ቡድን ታዲያ በ5 ሰዓት ላይ ይደርሳል ማለት ነው። ቁልቁሉ 72 ደቂቃ በአንድ ተኩል ሲበዛ 108 ደቂቃ፣ ከዕረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ይህን በወረቀት ላይ ሠርቶ የጨረሰ ሰው የአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። እኛ በ2009 ያላወቅነው ይህንን ነበር።

ዙህር የመመለሻ ሰዓታችን

ከዚያ ጉዞ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን። የትም እንሁን የት፣ ጫፉ ላይ ደረስን አልደረስን፣ ዙህርን ሰግደን ፊታችንን ወደ ቤት እናዞራለን። ይህ ሕግ ብዙ ጥቅም አለው።

አንደኛ፣ በአዲስ አበባ ዙህር የሚገባው እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለማይለዋወጥ ለእቅድ ይመቻል። ሁለተኛ፣ የተራራው ዝናብና መብረቅ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። በ6 ሰዓት ተኩል መውረድ የጀመረ ቡድን በ9 ሰዓት ገደማ ከታች ነው፤ ዐስርንም ተረጋግቶ ይሰግዳል። ሦስተኛ፣ በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ በእኛ አገር ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ቢቆይ ነው። በባሕር ዛፍ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይጨልማል። እንጦጦ ጅብ እንዳለበት አይዘነጋ። አራተኛና ዋነኛው፣ ሕጉ ክርክርን ያስቀራል። ጫፉን ያዩ ወጣቶች «አሥር ደቂቃ ብቻ!» ቢሉ መልሱ ከሰው ሳይሆን ከሰዓቱ ይመጣል። ማንም ማንንም አላሸነፈም።

ምሳውን ዙህር እስኪገባ ድረስ መብላት ይቻላል። ለውዱእ የሚሆን ውሃ ከሚጠጣው ለይቶ በአንድ ትንሽ ጀሪካን መያዝ ያስፈልጋል፤ በቁጠባ ከተጠቀሙበት ጥቂቱ ለብዙ ሰው ይበቃል። ቂብላውን ለማወቅም ችግር የለም። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ትገኛለች። ስለሆነም በእንጦጦ ሸንተረር ላይ ከተማውን ጀርባችን ካደረግን ፊታችን ወደ ቂብላ ሆነ ማለት ነው። ሰላቱን ጨርሰን ስንዞር የምናየው ከተማችንን፣ ቤታችንን ነው።

ጉዞውን በጁሙዓ ቀን አለማድረግ፣ በረመዷንም ልጆችን ሽቅብ አለማስወጣት ይገባል። በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የንግሥ በዓላትም ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ራጉኤል የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ስለሚሞላ ሌላ ቀን መምረጥ ለሁሉም ይመቻል።

አሚሩና የመጨረሻው ሰው

ሦስት ሆነው መንገድ የወጡ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት አሚር ይመረጥ። «ዛሬ እንመለስ» ቢል የማይከራከሩት ሰው ይሁን። ነገር ግን እኛ በመከራ የተማርነው ሌላ ሹመት አለ፤ የመጨረሻው ሰው።

የመጨረሻው ሰው ማለት ከሁሉም ኋላ የሚሄድ፣ ማንም ሰው ከኋላው እንዲቀር የማይፈቅድ ብርቱ አዋቂ ነው። ፉጨት ይይዛል፤ የቁስል ፋሻና ፕላስተርም ከእርሱ ጋር ይሆናል። ከፊት የሚመራው በየሃያ ደቂቃው ይቆምና የመጨረሻውን ሰው ይጠብቃል። የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ደግሞ አምስት ደቂቃ ሁሉም አብሮ ያርፋል። ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ ጀምሮ ነው፤ አለበለዚያ ዕረፍት ለፈጣኑ ብቻ ይሆናል። በየማረፊያው፣ በየመገንጠያው፣ ምሳ ተበልቶ ሲነሳ፣ ዝናብ ሲጀምር ቆጠራ ይደረጋል። ልጆቹን ሁለት ሁለት አጣምሮ «ጓደኛህን አደራ» ማለትም ጠቃሚ ነው።

ከቤት ለሚቀር አንድ ሰው ደግሞ በወረቀት የምንሄድበትን መንገድ፣ የተጓዦችን ስምና የምንመለስበትን ሰዓት ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። «እስከ 11 ሰዓት ድረስ ካልደወልን ፈልጉን» ይባላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ስልክ አንዱ ተዘግቶ ይያዝ፤ ሁሉም ፎቶ ሲያነሳ ውሎ ባትሪው ሲያልቅ አይተናል። ከጥቂቶች ሆኖ በጫካው መንገድ መሄድም አይመከርም፤ ብቸኛ መንገደኛ የተዘረፈበት ጊዜ አለ።

ጫማ፣ ልብስና ስንቅ

ለተራራ ውድ ጫማ አያስፈልግም። ሶሉ ያላለቀ ሸራ ጫማ ወይም ስኒከር ይበቃል። መጥፎው ጫማ አዲስ የተገዛው ነው፤ እግር ይልጣል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በሠፈር ይለበስ። ከመነሳታችን በፊት የሁሉንም ልጅ ጫማ እያገላበጥን እናያለን። የላስቲክ ጫማና ሰንደል ያደረገ ልጅ ካለ አናሳፍረውም፤ ቀድመን ለወላጅ እንነግራለን፣ ወይም ከእኛው ቤት ተውሰን እናመጣለን። ያ ልጅ በላስቲክ ጫማ የመጣው ሌላ ስላልነበረው ነው። ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ እናውቅ ነበር።

በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሸንተረሩ ከመሐል ከተማው በአራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብና ዝናብ የሚከላከል ነገር ያስፈልጋል። እንደ ከነቴራ ያለ የጥጥ ልብስ ከረጠበ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፤ መቀየሪያ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ ነው። እህቶቻችን ረጅም ልብሳቸው ድንጋይና ቁጥቋጦ ላይ እንዳይጠልፋቸው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚቀር፣ ሰፋ ያለ፣ ከሥሩም ሱሪ ያለው ቢሆን እንደ ልብ ይራመዳሉ። ሒጃቡን በነፋስ እንዳይወሰድ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ይጠቅማል። ፀሐዩ በከፍታ ላይ ስለሚያቃጥል ለልጆች ኮፍያ አይረሳ።

ውሃ ለአዋቂ ሁለት ሊትር፣ ለልጅ አንድ ሊትር ተኩል ይያዝ። ከተራራው የሚወርደውን ምንጭ አምኖ አለመጠጣት ነው። ስንቁ ቀላል ይሁን፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ተምር፣ ሙዝ፣ ጭኮ። ወጥና እንጀራ በሳህን ተሸክሞ መውጣት እናቶችን በተራራውም ላይ ከማድ ቤት አያወጣቸውም። እናቶችም ለመንሸራሸር እንጂ ለማስተናገድ አልመጡም። ስንቁን አባቶችና ወጣት ወንዶች ይሸከሙ።

ሰማይ ሲከብድ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ባለው ክረምት መንገዱ ያዳልጣል፤ ጉዞው ቢቀር ይሻላል። ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ስላለ ከተወጣም በጧት ተወጥቶ በጊዜ መመለስ ይገባል።

መብረቁ ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ቆጠራው ከሠላሳ በታች ከሆነ አደጋው ቀርቧል። ከሸንተረሩ አናት መውረድ፣ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ መራቅ፣ ልጆቹን በአንድ ላይ ሳያከማቹ ማራራቅ ነው። ሕንፃ ወይም መኪና ቢገኝ ይመረጣል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ገላጣው ቦታ አይመለሱም። ከሁሉ በላይ ግን መሮጥ የለም። እኛን የበታተነን በረዶው ሳይሆን ሩጫው ነበር።

ተራራው ባለቤት አለው

በመጨረሻም ስለ ተራራው ሰዎች አንድ ነገር እንበል። ዐፄ ምኒልክ ከተማቸው በእንጦጦ አናት ላይ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ከታች በፍልውሃው ሜዳ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ ማገዶ ስላነሳት ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጣ፤ ዛሬ የምናየው ጫካ የዚያ ዘር ነው። ከዚያ ጫካ ለብዙ ዘመን ለከተማው ምድጃ እንጨት በጀርባቸው ያወረዱት እናቶች ናቸው። አንዱ ሸክም ከ30 ኪሎ ያልፋል። እኛ ለመዝናናት የምንወጣበት ቀጭን መንገድ ለእነርሱ የእንጀራ መንገድ ነው። ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ ቡድኑ በሙሉ ከመንገዱ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይወጣል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ያሳልፋል። ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ልጆች ይህን ካዩ ስለ ትሕትና ብዙ ስብከት አያሻቸውም።

ፌስታልና የውሃ ላስቲክ ይዘነው እንደወጣን ይዘነው እንወርዳለን። እሳት አናነድም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ እንደ ጋዝ ይቀጣጠላል። ከሸንተረሩ ላይ ቆመው ለልጆች አንድ ነገር ያሳዩአቸው። ወደ ደቡብ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ ሰሜን የሚወርደው ደግሞ ወደ አባይ ገብቶ ግብጽን አቋርጦ ባሕር ይደርሳል። ሁለት እርምጃ ያህል ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎች እንዲህ ይለያያሉ። ሱብሐነላህ!

እንደገና ስንወጣ

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. እንደገና ወጣን። የዚያ ልጅ እናት ይፈቅዱልናል ብለን አላሰብንም ነበር። ስንጠይቃቸው «ማን ከኋላ ይሄዳል?» ብቻ አሉን። «እኛው» አልናቸው። ፈቀዱ።

ልጁ አዲስ ሳይሆን ደህና የተለበሰ ሸራ ጫማ አድርጎ መጣ። ቀኑን ሙሉ ከመጨረሻው መምህር ጋር ከኋላ ሄደ። የስም ዝርዝሩን ደብተር እርሱ ያዘ። በየማረፊያው እየቆመ ስም ጠራ፤ ያ በክፍል የማይሰማ ድምፅ በጫካው ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። የዙህርን ሰላት ጫፉ ጥቂት ሲቀረን ሰገድንና ተመለስን። ጫፉን ሳናይ ስንመለስ ያጉረመረመ ወጣት አልጠፋም፤ ጫፉ ግን ለሌላ ጊዜ አለ። እኒያን እናት በመንገዱ ሁሉ በዓይናችን ፈለግናቸው፤ አላገኘናቸውም። አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው።

ሽሮሜዳ ስንደርስ 9 ሰዓት አልሞላም። ልጁ ደብተሩን ገልጦ የመጨረሻውን ቆጠራ አደረገ፤ ቁጥሩም የተነሳነው ያህል ሆነ። ሰዓቱን ጽፎ ደብተሩን መለሰልን። ያ ደብተር ዛሬም በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ጉዞ በወጣን ቁጥር እናወጣዋለን።

እናንተም ኢንሻአላህ በመጪው እሁድ ለመውጣት ካሰባችሁ ከስንቁ በፊት ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። የመጨረሻው ሰው ማን እንደሚሆን ማታውኑ ተነጋገሩ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ለመመለስ አላህ ያብቃችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።